ዳገት ላይ ሲጥ የሚለው

አገርነሽን የሚያናድዳት ነገር ብዙ ነው። «ሴት ልጅ በብስክሌት?» የሚል ሰው ያናድዳታል፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሠፈር ውስጥ ደግሞ ይህን ያላላት ሰው የለም ማለት ይቻላል። መንገድ መሀል ቆሞ ሰላምታ የሚለዋወጥ ሰው ያናድዳታል። ስብሰባ ያናድዳታል፤ ያ ከሚሊኒየሙ ማግስት የነበረው ዘመን ደግሞ ስብሰባ ለሚጠላ ሰው የሚመች አልነበረም። የቀበሌ ስብሰባ፣ የወጣት ስብሰባ፣ የሴቶች ስብሰባ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ የመዘጋጃ ስብሰባ ሁሉ ነበረ። ከሁሉም በላይ ግን ያላደረገችውን አድርገሻል ስትባል ደሟ ይፈላል። በዚህ የሚፈርድባት ሰው ካለ፣ ነገሩ በራሱ ላይ ደርሶበት አያውቅም ማለት ነው።

እናቷ ወይዘሮ አባይነሽ ከከምባታ መጥተው ፈረንሳይ ዳገቱ ላይ ትንሽ ሱቅ የከፈቱ፣ እሑድ እሑድ ከጸሎት ቤት የማይቀሩ፣ ከሰው ጋር ቃል መመላለስ የማይወዱ ሴት ናቸው። ባላቸው ሲሞት ለልጃቸው የተወላት ነገር ቢኖር አንዲት ከባድ የቻይና ብስክሌት ናት። አገርነሽ በእሷ ከሾላ ገበያ ሳሙናውን፣ ጨውን፣ ክብሪቱን፣ ፓስታውን እየጫነች ያንን ሁሉ ዳገት ወደ ሱቁ ስታወጣ አደገች። ሲደክማት ትናደዳለች፤ ስትናደድ ትበረታለች። እግሯ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት የአንድ የመንግሥት ድርጅት ክለብ ብስክሌተኞች፣ አሰልጣኛቸው ተሾመ በሞተር ሳይክል እየተከተላቸው፣ ዳገቱን ተያይዘውት ነበር። ከኋላቸው አንዲት ቀሚስ የለበሰች ልጅ የሳሙና ካርቶን ጭና መጣችና አለፈቻቸው። ዝም ብላ ብታልፍ ደግ ነበር፤ «መንገድ ልቀቁ እንጂ! መንገዱ የአባታችሁ ነው?» ብላ ተቆጥታ ነው ያለፈችው። ተሾመ በሞተሩ እስከ ሱቁ ድረስ ተከተላት። በሳምንቱ የክለቡ አባል ሆነች።

ክለቡ ብዙ ብስክሌት ነበረው፤ ከአንዷ በቀር ሁሉም ድርቅ ያሉ ናቸው፤ ድንጋይ በረገጡ ቁጥር ወገብ የሚቆርጡ። አንዷ ግን ከውጭ አገር በስጦታ የመጣች፣ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያላት የተራራ ብስክሌት ነበረች። የኋላ ጎማዋን የያዘው ክፍል ከወገቧ ጋር በቡሎንና በኩሽኔታ የተያያዘ ስለሆነ፣ ድንጋይ ሲመጣ እጥፍ ብላ ታሳልፈዋለች። ተሾመ ያቺን ብስክሌት ለአገርነሽ ሰጣት፤ እንጦጦን እንደ እሷ የሚወጣ አልነበረምና። ሁለት ዓመት ጋለበቻት። ከልምምድ ስትመለስ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላታለች፤ ካቴናዋን በጥርስ ብሩሽ ታጸዳለች። ወይዘሮ አባይነሽ እንኳ «ፊትሽን እንዲህ ብትታጠቢ ምናለበት» ይሏት ነበር።

ታዲያ በክረምቱ ልምምድ ሲቋረጥ ብስክሌቶቹ ሁሉ የካ ሚካኤል አካባቢ ካለው የክለቡ መጋዘን ገብተው ከረሙ። በመስከረም ወጡ። አገርነሽ የራሷን ተረክባ፣ ፔዳሏን ረግጣ፣ የባሕር ዛፉን መንገድ ስትያያዘው ከሥሯ አንድ ነገር ሲጥ አለ። ቆመች። ወርዳ አየች። ምንም የለም። እንደገና ወጥታ ረገጠች፤ ሲጥ። ቀኝ እግሯ በወረደ ቁጥር ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። ሜዳ ላይ ዝም ትላለች፤ ዳገት ስትጀምር ማቃሰቷን ትጀምራለች። ጭራሮ ተሸክመው ከላይ የሚወርዱ አንዲት እናት መንገዱን ለቀው ቆሙና አዩዋት።

«ልጄ፣ የተሸከምኩት እኔ፤ የምታቃስተው ያንቺዋ» አሏት።

አገርነሽ አልሳቀችም። በእርግጥ የሚያስቅ ነበር፤ እሷን ግን ለአንድ ወር ያህል ምንም ነገር አላሳቃትም። በእግሯ ጉልበት የሚወጣውን እያንዳንዱን ክንድ መንገድ ያ ድምፅ እየተከተለ ሲቆጥርባት፣ የሚሰድባት ሰው ከኋላዋ የተፈናጠጠ ይመስላት ጀመር።

ለተሾመ ነገረችው። እዚህ ላይ ነው ስህተቷ፤ ስህተት ከተባለ።

«ኮች፣ ይቺ ብስክሌት የሆነ ነገር ሆናለች። ዳገት ላይ ትጮሃለች።»

«ለንብረት ክፍል አሳውቂ» አላት።

አሳወቀች። የንብረት ክፍል ማለት አቶ ወርቅአየሁ ናቸው። አቶ ወርቅአየሁ የክለቡ ንብረት ኃላፊ ናቸው፤ የክለቡ ጸሐፊም ናቸው፤ የግምገማ መድረክ ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። ከኪሳቸው ሦስት እስክሪብቶ አይለይም፤ ምናልባት ለየሥልጣኑ አንድ አንድ ይሆናል። ብስክሌት ላይ ወጥተው አያውቁም፤ የብስክሌት ቁጥር ግን በቃላቸው ይወጣላቸዋል። አገርነሽ የነገረቻቸውን ጸጥ ብለው ሰሙና «ጥሩ፣ በመድረክ ይታያል» አሏት። የሚጠግን ሰው ይጠሩልኛል ብላ ስትጠብቅ፣ ስሟ ከግምገማው አጀንዳ ውስጥ ገብቶ አገኘችው፤ «የንብረት አያያዝ ጉድለት» በሚል ርዕስ።

ግምገማ ያልደረሰበት ሰው ካለ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሁሉም በክብ ይቀመጣል፤ አንዱ ይነሣል፤ ሌሎቹ ጥፋቱን ይነግሩታል፤ ይህ ሂስ ይባላል። ከዚያ የተነሣው ሰው ጥፋቱን በራሱ አፍ ያምናል፤ ይህ ደግሞ ግለ ሂስ ይባላል። ግለ ሂስ ያደረገ ሰው ተመክሮ ይቀመጣል። ጥፋት የሌለበት ሰው ሲነሣስ? ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረም።

«ስፖርተኛ አገርነሽ» አሉ አቶ ወርቅአየሁ፣ «መጀመሪያ ብስክሌቷን ስትረከቢ ትጮህ ነበር?»

«አትጮህም ነበር።»

«አሁንስ?»

«ትጮሃለች። እኔው ራሴ ነኝ እኮ የነገርኩዎት።»

«መናገርሽ ጥሩ ነው፤ ይመዘገባል። ከአንቺ ሌላ የነዳት ሰው አለ?»

«የለም።»

«እንግዲህ» አሉና አቶ ወርቅአየሁ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሒሳቡ አለቀ ማለታቸው ነው።

«እንግዲህ ምን?» አለች አገርነሽ። «ብረት ነው እኮ! ብረት ይጮሃል። መካኒክ ጠርታችሁ ከማሳየት…»

«ቁጣው ራሱ አንድ ነጥብ ነው» አሉ፤ ጻፉትም።

ውሳኔው አጭር ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ መድረክ ላይ ግለ ሂስ አድርጋ፣ ብስክሌቷን በአያያዝ ጉድለት እንዳበላሸቻት ካመነች፣ በማስጠንቀቂያ ብስክሌቷ ከእሷ ጋር ትቀጥላለች። ካላመነች ግን ብስክሌቷ ለፊልሞና ትሰጣለች። ፊልሞና የጸሎት ቤት ዘማሪ የሆነች፣ ገና አምና ክለቡን የተቀላቀለች ልጅ ናት፤ ስሟ ሲጠራ አንገቷን ደፋች። ተሾመ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይመለከት ነበር። አገርነሽ ከአዳራሹ ስትወጣ በሩን እንዴት እንደዘጋችው ሠፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

ማታ ለእናቷ ስትነግራቸው ወይዘሮ አባይነሽ የሚያጥፉትን ፌስታል አስቀመጡ።

«ታዲያ አጥፍቻለሁ ብለሽ ብስክሌትሽን ይዘሽ አትመጪም?»

«አላጠፋሁማ እማዬ!»

«ጌታ ያውቅልሻል። እነሱ ደግሞ እንደዚያ መስማት ነው የሚፈልጉት፤ በይላቸውና ተገላገይ። ከአንቺ ምን ይጎድላል?»

«እንዴት ምን ይጎድላል? ንብረት አጥፊ ተብዬ እኮ ነው ማህደሬ ላይ የሚጻፈው! ነገ ሌላ ክለብ ልግባ ብል ማን ይቀበለኛል? ደግሞስ ባይጻፍስ? በአፌ ልዋሽ ነው?»

ልጃቸው እንዳትዋሽ ያስተማሩት ራሳቸው ወይዘሮ አባይነሽ ናቸው። ፌስታላቸውን አንሥተው ማጠፍ ቀጠሉ።

በነጋታው አገርነሽ ብስክሌቷን እየገፋች ሁሴን ዘንድ ሄደች። ሁሴን ፈረንሳይ መታጠፊያው ላይ በቆርቆሮ የተሠራች ሱቅ ያለው የስልጤ ልጅ ነው፤ ብስክሌት ይጠግናል፣ ጎማ ይለጥፋል፣ ምድጃ ያበጃል። የማያውቀው ነገር እንዳለ ከአፉ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ብስክሌቷን አንድ ጊዜ ዞራት፤ ኮርቻውን በመዳፉ ተጫነው።

«ኮርቻው ነው» አላት። «ወላሂ ኮርቻው ነው! ድምፅ ከእኔ አያመልጥም።»

ኮርቻውን ከነምሰሶው ነቀሉት፤ ጠረጉት፤ ግሪስ ቀቡት፤ መለሱት። አገርነሽ ወደ ላይ ነዳችና ተመለሰች።

«ትጮሃለች።»

«እንግዲያው ፔዳሉ ነው» አለ ሁሴን፣ ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ። ፔዳሎቹን ፈቱ፤ ከአሮጌ ብስክሌት ላይ ሌላ ፔዳል አውጥተው ገጠሙ። ወጣች፤ ተመለሰች።

«ትጮሃለች!»

«አላልኩሽም? የመሀሉ ኩሽኔታ ነው።»

«መቼ አልከኝ?»

«አሁን አልኩሽ።»

የመሀሉን ኩሽኔታ አውርደው በነዳጅ አጥበው ግሪስ ሞሉት። የዚያን ጊዜማ ከፋብሪካ የወጣች ነው የምትመስለው። አገርነሽ ወደ ላይ ነዳች፤ ሁሴን መታጠፊያው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከሩቅ ሰማት፤ ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። አገርነሽ ወርዳ መጣችና የሁሴንን ጄሪካን በእግሯ ስትለጋው እየተንከባለለ ቱቦ ውስጥ ገባ።

«ጄሪካኑ ምን አደረገሽ?» አለ ሁሴን።

«አንተን ከምመታ ብዬ ነው!»

ሁሴን ጄሪካኑን አውጥቶ መጣ። ንዴቷ ገብቶታል፤ የእሱም ኩራት ተነክቷል። ተቀምጠው ሲነጋገሩ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ። የብስክሌት አካል ባዶ ቱቦ ነው፤ ድምፅ በቱቦው ውስጥ ይሄዳል። ከኋላ የተነሣው ከኮርቻው ሥር የተነሣ ይመስላል፤ ከመሀል የተነሣው ከመሪው ይመስላል። በጆሮ ብቻ መከተል ዋጋ የለውም። ያን ጊዜ ሁሴን አባቱ የልብስ ስፌት መኪና ሲጠግኑ የሚያደርጉትን አስታወሰ። የሚጮኸውን ለማግኘት መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ውኃ ጠብ ጠብ እያደረጉ ያረጥቧቸዋል። የረጠበው መገጣጠሚያ ጥፋተኛው ከሆነ እስኪደርቅ ድረስ ዝም ይላል።

ሐሙስ ጠዋት ሱቁን ዘግቶ አብሯት ወጣ። የባሕር ዛፉን መንገድ ሲጀምሩ እሷ ትነዳለች፤ እሱ ውኃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ አጎንብሶ ከኋላ ይሮጣል። ክዳኑን በሚስማር በስቶታል። የኮርቻውን መጋጠሚያ አረጠቡ፤ ሲጥ። የፔዳሉን ሥር አረጠቡ፤ ሲጥ። መሪውን፣ የፊቱን ሞላ፣ የኋላውን ሞላ አረጠቡ፤ ሲጥ። ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ቆመው እየሳቁ «ብስክሌት ክርስትና ሲነሣ ዛሬ አየን!» አሉ። ሁሴን ከት ብሎ ሳቀ፤ አገርነሽ ፊቷን አጠቆረችባቸው።

በመጨረሻ ሁሴን ከኋላ በቀኝ በኩል፣ የሚታጠፈውን ክፍል ከወገቧ ጋር ያያያዘውን ትልቁን ቡሎን አረጠበው። አገርነሽ ረገጠች። ዝም። ደግማ ረገጠች። ዝም። ጫማዋ ፔዳሉን ሲነካ፣ ጎማው ጠጠሩን ሲጨፈልቅ ብቻ ተሰማት። ጥቂት እንደሄደች ውኃው ደረቀና ሲጥታው ተመለሰ። እንደገና አረጠቡት፤ እንደገና ዝም አለ።

ወርደው አንገታቸውን ደፍተው አዩት። ቡሎኑ ራስ ሥር አንዲት የቆርቆሮ ታርጋ ተቀርቅራለች፤ የክለቡ ስምና የንብረት ቁጥር ተመትቶባታል። በቡሎኑ ላይ ደግሞ ማንም እንዳይፈታው ቀይ ቀለም ተቀብቷል። አምና በሰኔ፣ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋና ንብረት ሲቆጠር፣ ቁጥር የሌለው ነገር እንዳይገኝ ታዞ ነበር። ወንበሩም ጠረጴዛውም ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓትም ቁጥሩን አገኘ። አቶ ወርቅአየሁ ድርቆቹን ብስክሌቶች ታርጋቸውን ኮርቻው ሥር አንጠለጠሉላቸው። የዚህችን ግን በስጦታ የመጣች ናትና በደንብ ትታይ ብለው፣ ከሁሉ ትልቁን ቡሎን በፒንሳ ፈትተው፣ ቆርቆሮዋን ከሥሩ ከትተው፣ መልሰው ገጠሙት። የሚንቀሳቀስ ቡሎን መሆኑን አያውቁም። የቆርቆሮዋ አንድ ጎን ታጥፏል፤ ቡሎኑ ተዛንፏል፤ ዳገት ላይ ወገቧ በተጫነ ቁጥር ብረት ከብረት ይፋተጋል።

የሚገርመው ታርጋዋ ተደብቃ አልነበረም። አገርነሽ በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላታለች። ሁሴንም ያንን ሁሉ ሲፈታ አይቷታል። የንብረት ቁጥር ግን እንደ ብስክሌቷ አካል የሚያየው ሰው የለም፤ የሚነካውም የለም። ስለዚህ ሁሉንም ቡሎን ነክተው ያንን ብቻ ዘለሉት።

«በል ፍታው» አለች አገርነሽ።

ሁሴን እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። «እሱን አልነካም።»

«ምን?»

«የመንግሥት ቁጥር ነው፣ አገሬ። ቀይ ቀለም ተቀብቷል እኮ! ወንድሜ በአንዲት የተላጠች የወንበር ቁጥር የተነሣ ፖሊስ ጣቢያ ሲመላለስ ነው የከረመው።»

አገርነሽ ልትጮህበት አፏን ከፈተችና ተወችው። እውነቱን ነበር። እዚህ ጫካ ውስጥ ብትፈታው ራሷ ያበላሸችው ይሆናል። ሁሉም ባለበት፣ እሳቸው ባሉበት፣ በመድረኩ መሀል መፈታት አለበት። ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ ትንሽ አረፈ። እውነቱን በዓይናቸው ካዩ ያበቃል ብላ አመነች። ሁሴን ስድስት ጎን ቁልፉን አዋሳት።

ቅዳሜ ብስክሌቷን እየገፋች አዳራሹ መሀል አቆመቻት። ሁሴን አባል ስላልሆነ በር ላይ ቀረ። አቶ ወርቅአየሁ ግለ ሂስ እንድታደርግ ሲጋብዟት «መጀመሪያ አንድ ነገር ላሳይ» አለች። ተሾመን ብስክሌቷ ላይ አስቀመጠችው፤ ፍሬን እንዲይዝና ፔዳሉን በኃይል እንዲረግጥ ነገረችው። ረገጠ። ሲጥ! ቤቱ ሳቀ። ደግሞ ረገጠ። ሲጥ!

«አሁን ይህን ቡሎን ልፍታ» አለች።

«ቁጥሩ ያለበትን?» አሉ አቶ ወርቅአየሁ።

«ቡሎኑን ነው የምፈታው፤ እርስዎ ባሉበት።»

አቶ ወርቅአየሁ አንዱን እስክሪብቶ አወጡ። ተሾመ ከብስክሌቷ ላይ ሆኖ «ትፍታውና እንየው» አለ። አገርነሽ ቀይ ቀለሙን ፋቀች፤ ቡሎኑን ፈታች፤ የታጠፈችውን ቆርቆሮ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ቡሎኑን በቦታው መልሳ አጠበቀች።

«ኮች፣ ርገጥ።»

ረገጠ። ምንም። በሙሉ ክብደቱ ተነሥቶ ረገጠ። ምንም። ከኋላ ፊልሞና ሳታስበው አጨበጨበች፤ አንድ ሁለት ሰው ተከተላት። ተሾመ ፈገግ ብሎ አገርነሽን አያት። እሷም ፊቷ ሊፈታ ነበር።

አቶ ወርቅአየሁ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ታርጋዋን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ። እንደ ሞተ ወፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው ለቤቱ አሳዩ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ። «የንብረት መለያ ነው። አሁን በሁላችን ፊት አንድ የክለቡ ንብረት ቁጥር አልባ ሆኗል። ጮኸች አልጮኸችም የቴክኒክ ጉዳይ ነው፤ እሱ ይደርሳል። የተፋቀው የቀለም ማኅተምና የተነቀለው ቁጥር ግን የአመለካከት ጉዳይ ነው። ስፖርተኛዋ ያለፈውን ጥፋት ለመሸፈን አዲስ ጥፋት ፈጽማለች። ግለ ሂስ እንድታደርግ የመጨረሻ ዕድል እሰጣለሁ።»

አገርነሽ መጀመሪያ የሰማችው አልመሰላትም። ከዚያ ጆሮዋ ጋለ።

«እርስዎ ነዎት እኮ የከተቱት!» አለች። «በሰኔ እርስዎ ነዎት የከተቱት! ድምፁ የእርስዎ ነው! አላያችሁም እንዴ? ዓይን የላችሁም? ኮች! ፍቺው ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

ተሾመ ከብስክሌቷ ወርዶ ነበር። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«እኔ ያልኩት… አሠራሩን ተከትላ መስሎኝ ነው» አለ። ድምፁ እንኳን ለአዳራሹ፣ ለራሱም የሚበቃ አልነበረም።

ይህን ነው አገርነሽ እስከ ዛሬ የማትረሳው። አቶ ወርቅአየሁን መናደድ ቀላል ነው፤ እሳቸው ከቁጥር በቀር የሚያውቁት የለም። ተሾመ ግን ያቺን ዝምታ በእግሩ ሰምቷታል።

«ግለ ሂስ» አሉ አቶ ወርቅአየሁ።

«አላጠፋሁም» አለች። «አላጠፋሁም፤ አላጠፋሁም። ዛሬም አልልም፤ ነገም አልልም፤ ብትፈልጉ ጻፉት!»

ጻፉት። ከዚያ እጅ አስወጡ። ብስክሌቷ ለፊልሞና እንድትሰጥ፣ ቁጥሩም በመዝገብ ወደ ሰፈረበት ወደ ኋላ ቀኝ ቡሎን እንዲመለስ የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። እጆች ወጡ፤ አንዳንዱ ቶሎ፣ አንዳንዱ ቀስ እያለ። ተሾመም አወጣ። ፊልሞና ግራ ቀኟን አይታ እስከ ትከሻዋ ድረስ አወጣች።

አቶ ወርቅአየሁ ፒንሳቸውን ይዘው ብስክሌቷ አጠገብ ተቀመጡ። ቡሎኑን ፈቱ፤ ቆርቆሮዋን በመዶሻ አቃንተው ከተቱ፤ ቡሎኑን በፒንሳው ጥቂት አዙረው ተዉት። «በቃ» ብለው የቀይ ቀለሙን ቆርቆሮ መክፈት ጀመሩ።

አገርነሽ በሩ ጋ ደርሳ ነበር። ዞር ብላ ያንን ቡሎን አየችው። ግማሹ ገና ውጭ ነው። በዚያ ቡሎን ፊልሞና ነገ ጠዋት ከእንጦጦ አናት ወደ ፈረንሳይ ልትወርድ ነው፤ በዚያ ጠጠር፣ በዚያ ቁልቁለት፣ እየዘመረች።

ተመልሳ መጣች። «ይነሡ» አለቻቸው።

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«ይነሡልኝ አልኩ!»

ተነሡ። አገርነሽ በርከክ ብላ ስድስት ጎን ቁልፉን ከተተችና ቡሎኑን ከነቆርቆሮው አጠበቀችው። ክንዷ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ አዞረች። እንባዋ አፍንጫዋ ላይ ወርዶ ቡሎኑ ላይ ጠብ አለ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። ስትነሣ ብስክሌቷን በመሪዋ ይዛ ለፊልሞና አቀበለቻት።

«ከሥሩ ቆርቆሮ ስላለ ይላላል» አለቻት። «በየሳምንቱ አጥብቂው። ቀለም ተቀብቷል ብለሽ እንዳትተዪው፤ ሰማሽ?»

ፊልሞና አንገቷን ነቀነቀች። «አገሬ፣ እኔ እኮ…» ብላ ጀምራ አልጨረሰችውም።

«ዳገት ላይ ስትጮህብሽ ደግሞ እንዳትደነግጪ። ምንም አልሆነችም። ቁጥሯ ነው።»

ሁሴን በር ላይ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። ቁልፉን ሰጠችውና በእግሯ ወደ ፈረንሳይ ሄደች።